ክንዴ ላይ የተለጠፉት አራት ወረቀቶች

ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ታጭቼም ነበር። ሽማግሌዎቹ ሁለቴ ተመላልሰው፣ ዘራችን ሰባት ቤት ድረስ ተቆጥሮ፣ ዝምድና እንደሌለን ታውቆ ሠርጉ ለጥር ተቀጥሯል። እኛ የእስቴ ገበሬዎች ነን፤ እጮኛዬ ደግሞ በስማዳ በኩል የቄስ ልጅ ነው። ያየሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ሁለቱንም ጊዜ ዓይኑን ማየት አፍሬ ጆሮውን ሳይ ነው የዋልኩት። ቢሆንም ወድጄው ነበር። ሳቁብኝ እንግዲህ፣ በጆሮውም ሰው ይወደዳል።

ዘር ሲቆጠር ግን የሚጣራው ዝምድና ብቻ አይደለም። ከዚያ ቤት ሥጋ ደዌ የያዘው አለ ወይ፣ ያበደ አለ ወይ፣ ይኼም በጎን ይጠየቃል። የኛ ቤት ነበረው፤ ታላቅ ወንድሜ። ጋይንት ቤተ ልሔም ወርዶ ድጓ ሲማር ቆይቶ፣ አንድ ክረምት ሁሉን ጥሎ መጣ። ግድግዳው እንደሚያናግረው፣ መንገደኛው ሁሉ ሐሳቡን እንደሚሰማበት ነገረን። እናቴ ከጸበል ጸበል ይዛው ተንከራተተች። በኋላ ደብረ ታቦር ታይቶ መድኃኒት ጀመረ፤ በረደለት። አባቴ ለሽማግሌዎቹ፣ “ትምህርት በዝቶበት ነው እንጂ ከዘራችን እንዲህ የሆነ የለም” አላቸው። የቤተ ክህነት ትምህርት ራስ ላይ ሊወጣ እንደሚችል በኛ አገር የማያምን የለም፤ ቄሱም አመኑ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ግን ወንድሜ ጓዳ ይገባ ነበር። ግባ የሚለው የለም፤ አባቴ አንዴ ዘወር ብሎ ካየው ይበቃዋል።

ኅዳር ላይ፣ አንድ የገበያ ቅዳሜ፣ የወሩን መድኃኒት ሊወስድ መካነ ኢየሱስ ሲወርድ አብሬው ወረድኩ። ጤና ጣቢያው ውስጥ ከሩቅ የመጡ አንድ ወጣት ሐኪምና አንዲት ነርስ የአእምሮ ሕመምተኞችን እህትና ወንድም ይፈልጉ ነበር። ነርሷ አጠገቧ አስቀመጠችኝ።

“የወንድምሽ ሕመም ስኪዞፍሬኒያ ይባላል” አለችኝ። “በአንዳንድ ቤተሰብ ይደጋገማል። ቫይታሚን ያለበት ውሃ የነካ ወረቀት ክንድ ላይ ስንለጥፍ የብዙ ሰው ቆዳ ይቀላል። ሕመሙ ካለባቸው ግን ብዙዎቹ አይቀላላቸውም፣ ወይ ይዘገያል። ከእህት ወንድሞቻቸውም እንደዚያ የሚሆኑ አሉ። ለምን እንደሆነ ነው የምናጠናው።”

“የኔ ካልቀላ አብዳለሁ?”

“ኧረ በስመ አብ! ቆዳሽ ጠንቋይ መሰለሽ?” ብላ ሳቀች። “ለአንድ ሰው ብቻውን የሚለው ነገር የለም። የብዙ ሰው ተሰብስቦ ሲታይ ነው። ካልፈለግሽ ደግሞ ትተሽው መሄድ ትችያለሽ።”

እኔ እቴ መች እሄዳለሁ! ወንድሜ ከታመመ ጀምሮ ስፈራው የኖርኩትን ነገር የሚያውቅ ሰው ያገኘሁ መሰለኝ። እጅጌዬን ሰቀልኩ።

መቅላቱ በደንብ እንዲታይ በሩን ከፍተው ብርሃን ላይ አስቀመጡኝ። ጥፍር የሚያካክሉ አራት ወረቀቶች ክንዴ ላይ ደረደሩ። ሰዓት አይተው አነሷቸው። አንደኛው ቦታ እንደ ሳማ ለበለበኝ። ቆዳዬ ጠይም ስለሆነ በዓይን መለየት ቸገራቸውና፣ ነርሷ በእጇ ጀርባ እየዳሰሰች፣ “ሙቀቱ እዚህ ይሰማሻል? እዚህስ?” ትለኝ ጀመር። ሁለቱ ላይ ይሰማኛል፤ ሁለቱ ላይ አይሰማኝም። ወጣቱ ይጽፋል።

ደጃፉ ላይ ልጅ ልታስከትብ የተቀመጠች ሴት ነበረች። አንገቷን አስግጋ ታየናለች። የእጮኛዬ አክስት መሆኗን በምን ልወቅ።

“ይሰማሻል?” የሚለውን ጥያቄ የኛ አገር ትልልቅ ሰዎች ያውቁታል። ድሮ የሥጋ ደዌ መርማሪዎች ሲመጡ የሰው ቆዳ በጥጥ እየነኩ የሚጠይቁት ይኼንኑ ነበር። አልተሰማኝም ያለ ሰው ከሰው ተለይቶ ይገለል ነበር። አክስትየው ያየችውን ይዛ ስማዳ ገባች።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሽማግሌዎቹ መጡ። ወንድሜ ጓዳ ገባ።

“ቀኑ ትንሽ ይቆየን ብለን ነው” አሉ ትልቁ።

“ምን አጎደልን?” አላቸው አባቴ።

“ኧረ ምንም። ልጅቱ ክንዷን ተመርምራለች የሚሉት ነገር አለ።”

ተጠርቼ ወጣሁ። ክንዴን አሳየሁ። አዩት፤ ምንም የለበትም። “ሲጀምርማ መች ይታያል” አሉ ሌላኛው፣ ሊነኩኝ ሳይደፍሩ። አፌን ከፈትኩ። የተመረመርኩት ለወንድሜ ሕመም ነው ልል ነበር። ያን ጊዜ አባቴ አየኝ፤ ወንድሜን ጓዳ በሚያስገባበት ዓይን። ገባኝ። ሥጋ ደዌ አይደለም ካልኩ ምን እንደሆነ መናገር አለብኝ። ምን እንደሆነ ከተናገርኩ ደግሞ እብደቱ በዘር ነው ማለቴ ነው። አፌን ዘጋሁ። አባቴ፣ “ትንሽ ቁስል ነበረች” አላቸው። አላመኑትም፤ ሄዱ።

ጥር መጣ፣ አለፈ። ከመንደሩ ሦስት ልጃገረዶች ተዳሩ። የአንዷን እልልታ ከአጥራችን ሆኜ ሰማሁት፤ አልጠሩኝም። ፀጉሬን የምትሠራኝ ባልንጀራዬ እጇን አመማት፤ ለሌሎቹ ግን እየሠራች ነበር። ምንጭ ስወርድ፣ “ጀሪካኔን እንዳትነኪ” ትላለች አንዷ። “ተያት፣ ብትነካውስ መች ይሰማታል!” ትላለች ሌላዋ። ይስቃሉ። እኔም አብሬ ሳቅሁ መጀመሪያ ሰሞን፤ ቀልድ ነው ብዬ። እናቴ አንድ ቀን የቆርቆሮ ኩባያ ለብቻዬ ሰጠችኝ። ከዚያ ወዲያ የሷን ፊት ማየት ከበደኝ፤ እሷም የኔን።

እሾህ እያነሣሁ ክንዴን እወጋለሁ፤ ይሰማኛል። ወዲያው ደግሞ ጆሮዬን ወደ ግድግዳው አቀናለሁ፣ ያናግረኝ እንደሆነ። ያልያዙኝን ሁለት በሽታዎች ስጠብቅ ነው የከረምኩት። ወንድሜ አንድ ቀን አየኝ።

“እታለም፣ ምን አለሽ ዛሬ?” አለኝ ወደ ግድግዳው በአገጩ እያሳየ።

“ዝም ነው።”

“እኔንም ከመድኃኒቱ ወዲህ ዘግቶኛል” አለ። ሳቅን። ያን በጋ ከሰው ጋር ከልቤ የሳቅሁት ያንኑ ብቻ ይመስለኛል።

ዐቢይ ጾም ላይ አባቴ ማስረጃ ሊያጽፍ ጤና ጣቢያ ሄደ። ለእናቴ ሲነግራት ሰማሁ። “ሥጋ ደዌ የለባትም ብዬ እጽፋለሁ፤ ምርመራው ስለ ወንድሟ ሕመም መሆኑንም እጽፋለሁ” ብሎታል ባለሙያው። አባቴ፣ “ሁለተኛውን ተወው” አለው። “ታዲያ ለምን ተመረመረች ሲሉዎትስ?” አለው። አባቴ ወረቀቱን ሳያስጽፍ ወጣ። ባዶ እጁን ተመለሰ።

የዳግማይ ትንሣኤ ለት አዲስ ጋቢውን አወረደና ወንድሜን አለበሰው። “ተነሥ፣ እንሂድ” አለው። ወዴት እንደሆነ አልነገረንም። የሆነውን ኋላ ያወራኝ ወንድሜ ነው።

የቄሱ ቤት ገብተው ቆሙ። “መምሬ፣ ይኼ ልጄ ነው” አለ አባቴ። “እኅቱ የተመረመረችው በሱ ሕመም የተነሣ ነው። ትምህርት በዛበት ያልኩዎት ውሸቴን ነው። የአባቴም ወንድም እንዲህ ነበር። የልጅቱ ሥጋ ግን ንጹሕ ነው። ብትወስዷትም ብትተዋትም እውነቱ ይኼ ነው።”

ቄሱ እውነቱን ስለነገራቸው አመስግነው አስቀመጧቸው፤ ጠላ ተቀዳ፣ ምሳ ቀረበ። ልጃቸው ግን ሌላ ታጭታለት ነበር። ምሳቸውን በልተው፣ ተመርቀው ወጡ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አባቴ ገብስ ጭኖ መካነ ኢየሱስ ገበያ ሲወርድ በሰው ሁሉ ፊት ወንድሜን ከጎኑ አድርጎ ሄደ።