የትራሱ በረዶ

አብረን የሠራነው የመጨረሻው ተራ ሥራ አሮጌ ትራስ መተርተር ነበር። የገና ዋዜማ ነው። ባለቤቴ ስፌቱን በምላጭ ፈታው፤ እኔ ጥጡን ጎትቼ አወጣሁ። የስንት ዓመት የራስ ቅቤ ጠጥቶ ቢጫ ሆኗል። በየቋጠሮው ፀጉር አለ፤ መሀሉ ላይ የደረቀ በረሮ። ፊቴን አዞርኩ።

«የራስሽን ቅቤ ትጸየፊያለሽ?» አለኝ እየሳቀ።

«የእኔ ቢሆንማ ምን ነበረበት? የእናትህ ትራስ ነው እንጂ።»

ጥጡ ለገና ዛፍ ነው፤ ቆቦ ላይ ግን ጥድ ከየት ይመጣል? ባለቤቴ የቁርቁራ ቅርንጫፍ ቆርጦ አፈር በሞላ ባልዲ አቆመልን፤ እሾሁ ጥጥ ይይዛል አለ። ታላቁ ልጃችን ጌጥ የሚሆን ነጭ ክር ከማዳበሪያ ጆንያ ይመዛል። እኔ ኮከብ የሚወጣውን የእርዳታ ዘይት ቆርቆሮ በአመድ አሻለሁ። የከረመው ዘይት ከጣቴ አልለቅ አለ። ዝንቡ ከቆርቆሮው ወደ ከንፈሬ፣ ከከንፈሬ ወደ ቆርቆሮው ይመላለሳል።

ትንሿ ልጃችን ጥጡ ምን እንደሆነ ጠየቀች።

«በረዶ ነው» አላት አባቷ። ሻይ ቤት በቴሌቪዥን አይቶ ነበር። «የኛው ማሽላ ይሰብራል፤ የፈረንጆቹ ግን እንዲህ ለስላሳ ነው፣ እየተንሳፈፈ ነው የሚወርደው።»

ደስ አላት። እያንዳንዷን ቁራጭ እሾህ ላይ ስትሰካ «በረዶ ና! በረዶ ና!» ትላለች።

በዚያው ግቢ የምትኖረው የባለቤቴ ታላቅ እህት በሩ ላይ ቆማ ሰማች። በፊተኛው ክረምት ማሽላዋን በረዶ አውድሞባት ነበር።

«ምን ትላለች ይቺ? በረዶን በስሙ እየጠራች ቤት ታስገባለች?»

«ተይ እትዬ፣ ጥጥ እኮ ነው።»

«ጥጥ ከሆነ ጥጥ በሉታ!»

የቁርቁራው ቅጠል ሳይረግፍ ባለቤቴ በወባ ሞተ። ወባ መሆኑን ሐኪሙም ተናግሯል፣ ሁሉም ያውቃል። እህቱ ግን ለቅሶ ላይ፣ ንፍሮ በአፏ ሞልታ፣ «በረዶን ስትጣራ ሰምቻለሁ። መጣላታ! ማሽላው ታጭዶ ሲያጣ ወንድሜን መታ» አለች። የባቄላ ቅርፊት ከንፈሯ ላይ ተለጥፎ ነበር። ሴቶቹ «እህህ» እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ እህቱ ንፍጧን በጠረገችበት ነጠላ ጀርባዬ ላይ የተለጠፈችውን ልጄን ፊት ጠረገችላት። እስከ ዛሬ ያን ነጠላ ሳስብ ምራቄ ይመራል።

ልጄ ሁሉንም ሰምታለች። ከዚያ በኋላ ደመና ባየች ቁጥር አፏን በእጇ ትከድናለች።

«አባትሽን የገደለው ወባ ነው፤ ወባን የምታመጣው ትንኝ ናት» እላታለሁ።

«ትንኟን ማን ጠራት፣ እማ?»

ወደ እህቱ ሄድኩ። ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ጥርሷን በስንጥር ትጎረጉራለች።

«እትዬ፣ ልጄ አንቺ ያልሽውን ነው ያመነችው፤ እኔን አትሰማም። ተሳስቼ ነው በያት። አንድ ቃል ነው።»

ከጥርሷ ያወጣችውን አየችው፣ መልሳ አላመጠችው። «የሰማሁትን አልሰማሁም አልል።»

በሚቀጥለው ገና ታላቁ ልጄ ሌላ ቅርንጫፍ አመጣ። ከአዲስ ትራስ፣ ከታጠበ ጥጥ እንሥራ አልኩ። ልጄ ጥጡን ስታይ አስታወከች፤ በትውከቷ መሀል «አልጠራሁም፣ አልጠራሁም» ትላለች። አክስቷ ደግሞ ከበሩ ብቅ ብላ፣ «አየሽ፣ ራሷ ታውቀዋለች» አለች።

ቀና ብዬ አየኋት። የልጄ ትውከት እጄ ላይ ነበር፤ እሱን አልተጸየፍኩም። ከበዓሉ ማግስት ዕቃዬን ሚኒባስ ላይ ጫንኩ።

አሁን ከልጆቼ ጋር ከቆቦ ወጣ ብላ ባለችው ሮቢት እኖራለሁ። የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ።