ከመርዶው በፊት ያለችው ቅዳሜ

ጓደኛዬ ማሽኑን የገዛው ሳን ሆዜ ካለው የአሮጌ ዕቃ ገበያ ነው። ረጅም እጀታ አለው፤ ጫፉ ላይ ሰሐን የመሰለ ክብ ነገር አለ፤ ከመሬት በታች ብረት ሲያገኝ ይጮኻል። የዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነበር። እሱ ኦክላንድ ውስጥ በመኪና ማቆሚያ ይሠራል፤ ሳምንቱን ሙሉ ጠባብ የመስታወት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የሰው ሳንቲም ሲቀበል ይውላል። እኔ ሳን ሆዜ ነዳጅ ማደያ ነበርኩ። «ሳንቲም አልሰለቸህም ወይ? ቅዳሜንም እሱን ፍለጋ?» እያልኩ እተርበው ነበር።

ነገሩ ግን ጨዋታ አልነበረም። በሱዳን በኩል ከአገር ሲወጣ እናቱ ባንገታቸው የሚያስሩትን ትልቅ የብር ሳንቲም ሸጠው ነው ስንቅ ያደረጉለት። ያንን በሌላ የብር ሳንቲም መተካት ፈለገ፤ ያውም በገዛ እጁ ከመሬት አውጥቶ። ለምን ከሱቅ አትገዛም ስለው «የተገዛማ ያው ደመወዝ ነው» አለኝ። የድሮ የአሜሪካ ሳንቲሞች ከብር ይሠሩ ስለነበር፣ ሰው ለብዙ ዘመን በተዝናናባቸው አሮጌ መናፈሻዎች ሣር ሥር አንዳንዴ ይገኛሉ። እስከዚያ ያገኘው ግን ዳይም የሚሏት ጥፍር የምታክል ዐሥር ሳንቲም፣ ዝገት የበላው ሚስማርና የቢራ ጣሳ ቀለበት ብቻ ነበር። ለአንገት የሚሆን አልወጣለትም።

አንድ ዓርብ ከሥራ እንደገባሁ ስልክ ተደወለልኝ። ኦክላንድ ያለውን ሰው ሁሉ የሚሰበስቡት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሽማግሌ ነበሩ።

«የጓደኛህ እናት አርፈዋል» አሉኝ። «ቀብረዋቸዋል። እኛ የምናረዳው እሑድ ማለዳ ነው።»

«ለምን ነገ አይሆንም፣ ጋሼ?»

«ነገማ ማን ሥራ የሌለው አለ? ሰው ሳይሰበሰብ እንዴት ይነገረዋል? እስከዚያ አንተ ያዘው። ስልክ አጠገብ እንዳይደርስ።»

«እኔ ፊቴ ይናገርብኛል። ሌላ ሰው ይፈልጉ።»

«አብረኸው መሬት የምትቆፍረው አንተ ነህ» ብለው ዘጉት።

በጣም ተናደድኩ። እዚህ አገር ሐዘን እንኳ የዕረፍት ቀን ይጠብቃል። የተናደድኩት ግን በሥርዓቱ ብቻ አልነበረም፤ ፈርቼም ነበር። ከአፌ አንድ ቃል ብታመልጥ፣ ደጋፊም አቃፊም በሌለበት፣ ሣር ላይ ሊወድቅብኝ ነው። ወዲያው ደወልኩለትና ነገ ና፣ እኔ ጋ ታድራለህ አልኩት። ደስ አለው።

ቅዳሜ መናፈሻው በጉም ተሸፍኖ ነበር። ማታ ዝናብ ስለጣለ አፈሩ ርሷል። እሱ ማሽኑን ግራና ቀኝ እያወዛወዘ ከፊት ይሄዳል፤ እኔ ካቻቪቴ ይዤ እከተላለሁ። ማሽኑ ሲጮህ ካቻቪቴውን ከእኔ ተቀብሎ ሣሩን ቀዶ እንደ ክዳን ያነሣዋል፣ አፈሩን በጣቱ ይፈትሻል፣ ከዚያ ሣሩን መልሶ በመዳፉ ጠቅጠቅ ያደርገዋል። ጉድጓድ ክፍት ትቶ መሄድ አይወድም።

በዚያ ቀን ስለ እናቱ ማውራት አላቆመም።

«ባለፈው ስደውልላት ድምፅዋ ደከም ብሎብኛል» አለ። «ጉንፋን ነው አለችኝ። ጉንፋን ይሆናል፣ አይደል?»

እኔ ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር ማሰር ጀመርኩ። ክሩ አልተፈታም ነበር። ስለ እሳቸው ባነሣ ቁጥር እያጎነበስኩ ያንን የታሰረ ክር ስፈታና ሳስር ዋልኩ። «ምነው ዛሬ ጫማህ?» ብሎ ሳቀብኝ።

ከሰዓት በኋላ ከአንድ ትልቅ ባሕር ዛፍ ሥር ማሽኑ ከሌላው ጊዜ በተለየ ወፍራም ድምፅ ጮኸ። ተንበርክኮ እስከ ክንዱ ድረስ ቆፈረ። ይዞት የወጣው ትልቅ፣ ከባድ፣ የሴት ምስል ያለበት የብር ሳንቲም ነበር። በሹራቡ ጠረገውና ሳመው። ከዚያ ዘለለ። ትልቅ ሰው እንደዚያ ሲዘል አይቼ አላውቅም። «አገኘሁላት! የእማዬን አገኘሁላት!» እያለ በጭቃ እጁ አቀፈኝ። እኔም አቀፍኩት፤ ፊቴን እንዳያይ ብዬ ቶሎ አልለቀቅሁትም።

ሲላቀቅ ከሽንት ቤቱ ግድግዳ ላይ ወደተሰቀለው የሕዝብ ስልክ መሮጥ ጀመረ። «ካርድ ይዣለሁ፣ አሁኑኑ ኮል ላድርግላት!»

ሮጬ እጅጌውን ያዝኩት። «እዚያ እኮ ሌሊት ስምንት ሰዓት ነው። አትቀስቅሳቸው። ይተኙ።»

እሱ ሰዓቱን አይቶ ሳቀ። «እውነትህን ነው፣ ትደነግጥብኛለች» አለ።

ሲመሽ እቤቴ ካርዱን አወጣ። ስልኩን ከግድግዳው ነቅዬው ስለነበር ተበላሽቷል አልኩት። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል፤ ነገ ከኦክላንድ እደውላለሁ ብሎ ሳንቲሙን ትራሱ ሥር አድርጎ ተኛ። እኔ ግን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

በማለዳ ቤተ ክርስቲያን እንሂድ ብዬ ይዤው ወጣሁ። ኦክላንድ ሰፈሩ ስንደርስ መንገዱ ግራና ቀኝ የምናውቃቸው መኪናዎች ቆመውበታል። ጋሼ የቤቱ ደረጃ ላይ ናቸው፤ አጠገባቸው ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። ነጠላውን ሲያይ ገባው። ከመውደቁ በፊት የተመለከተው ግን እነሱን አልነበረም። እኔን ነበር።

ለቅሶው አብቅቶ ሰው ሲበተን አነጋገረኝ።

«እናቴ ሞታ ስስቅ ዋልኩ። ስዘል ቆመህ አየኸኝ። ያንን ቀን ሰርቀኸኛል።»

«ጋሼ ናቸው ያሉኝ...»

«ጋሼን ተዋቸው። ያንተ ጊዜ ሲደርስ እኔ በርህ ላይ ቆሜ ነው የምነግርህ። ሰው አልሰበስብም፣ እሑድ አልጠብቅም። እንዲህ አላደርግህም።»

ሳንቲሙን አስበስቶ ከማተቡ ጋር ባንገቱ አሰረው። ማሽኑን ቁም ሣጥን ውስጥ አስገባው፤ ከዚያ በኋላ ሲነካው አላየሁም። ብዙ ጊዜ ተኮራርፈን ቆየን። መጀመሪያ በበዓል ስልክ፣ ቀጥሎ በሰው ሠርግ እየተገናኘን ቀስ በቀስ ታረቅን፤ መናፈሻ የሚባል ነገር ግን በመካከላችን አይነሣም። አልፎ አልፎ ስለ አባቴ ይጠይቀኛል። አገር ቤት ያሉት አባቴ አልጋ ላይ ከዋሉ ሰንብተው ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ሳይደውል መጥቶ አያውቅም። ከፈትኩ። በሩ ላይ ቆሟል፤ ማሽኑ ትከሻው ላይ ነው።

ፊቴን አላየኝም፤ የበሩን መቃን ነበር የሚያየው። አፉን ከፈተ። ጠበቅሁት። መልሶ ዘጋው። ማሽኑን ከትከሻው አወረደ።

«ዝናብ ጥሏል» አለኝ። «አፈሩ ለስላሳ ነው።»

ሁሉም ገባኝ። መቃኑን ያዝኩ። ልጠይቀው እችል ነበር። አንዲት ቃል ትበቃ ነበር፤ ያኔ ያለኝን አልረሳም፣ ብጠይቀው አይዋሽም። ግን እሱን አይቼ፣ ነገ እሑድ በሬ ላይ የሚቆሙትን ሰዎች አሰብኩና፣ እስከ ነገ አባት ቢኖረኝ ምን አለበት አልኩ።

«ካቻቪቴ ላምጣ» አልኩት።

ቀኑን ሙሉ ቆፈርን። ከሚስማር በቀር የወጣ ነገር የለም። እኔ ስለ አባቴ አወራለሁ፤ ስለ አሳዳጊነታቸው፣ ስለ ቁጣቸው፣ ስለ ሳቃቸው፣ የማስታውሰውን ሁሉ። እሱ እየጎነበሰ የጫማውን ክር ያስራል።