ገብረወልድ ያልደወሉት ስልክ

አቶ ገብረወልድ ሮቤ ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሲጣላ እሳቸው ዘንድ የሚሄደው ምስጢር ጠባቂ መሆናቸውን ስለሚያውቅ ነበር። ሽምግልና ሲቀመጡም አስቀድመው «እዚህ የተባለ እዚሁ ይቀራል» ይላሉ። በዚህ ይኮሩ ነበር።

አምና በታኅሣሥ ጁሀራና ወዚር መጡ። ጁሀራ ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ወዚር የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው። ገሰራ አጠገብ ባለው የሟቹ ማሳ ተካሰው፣ ፍርድ ቤቱ በሽምግልና ሞክሩት ብሎ ቀጠሮ ሰጥቷቸው ነበር።

ሁለት ቀን ሙሉ ተነጋገሩ፤ አልሆነም። በሁለተኛው ቀን አቶ ገብረወልድ ወዚርን ለብቻው ወደ ግቢው ጥግ ወሰዱት። መሬቱን እኩል ለመካፈል ፈቃደኛ ነኝ አላቸው። ጁሀራ ይህን እንደማትቀበል ሲሰማ ግን ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እንግዲያው የከመረችውን ገብስ አትበላውም። አቃጥለዋለሁ።»

«ተው እንጂ ወዚር።»

«ብያለሁ ጋሼ። እርስዎም ለማንም እንደማይናገሩ ቃል ሰጥተዋል።»

አቶ ገብረወልድ ሽምግልናውን ያለ ስምምነት በትነው ተነሱ። ቤታቸው ገብተው የጁሀራን ቁጥር ከስልካቸው አወጡና ሳይደውሉ ስልኩን መልሰው አስቀመጡት። ቃሌን አላፈርስም አሉ ለራሳቸው። የፈሩት ግን ሸምጋዩ ወሬ አወጣ መባልን ነበር። ይህን ያመኑት ኋላ ነው።

ከዚያ በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ ክምሩ ነደደ። ጁሀራ እሳቱን በቅጠል ልታጠፋ ስትታገል ቀኝ እጇ እስከ ክርኗ ተቃጠለ፤ ጎባ ሆስፒታል ወስደው አሳከሟት።

ወዚር ተከሰሰ፤ አቶ ገብረወልድም ለምስክርነት ተጠሩ። የወዚር ጠበቃ ተነስቶ፣ በድርድር ላይ የተነገረ ምስጢር ስለሆነ ሊመሰክሩ አይገባም ብሎ ተቃወመ። ዳኛው በኦሮምኛ መለሱለት።

«ለመታረቅ ምን እንዳቀረበ አልጠይቃቸውም፤ እሱ ምስጢር ሆኖ ይቀራል። አቃጥላለሁ ማለት ግን የእርቅ ሐሳብ አይደለም። ይናገሩ።»

ተናገሩ። ሦስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ሲናገሩ የጁሀራን ዓይን ማየት አልቻሉም።

ሲወጡ በሩ ላይ ጠበቀቻቸው። እጇ ገና በፋሻ እንደተጠቀለለ ነው።

«ጋሼ፣ ከመቃጠሉ በፊት ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር፣ ልጄ።»

«ስልክ ቁጥሬ እርስዎ ጋ ነበር እኮ።»

«ነበረ።»

ዘወር ብላ መንገዷን ቀጠለች። ብትሰድባቸው በተሻላቸው።

ወዚር ተፈረደበት። አቶ ገብረወልድ ከዚያ ወዲህ ለሽምግልና ተቀምጠው አያውቁም። ሰው ምክንያቱን ሲጠይቃቸው በመጀመሪያ እርጅና ነው ይሉ ነበር፤ በኋላ እሱም ውሸት መሆኑ አሳፈራቸውና የሆነውን እንዳለ መንገር ጀመሩ።

ጁሀራ በገበያ ቀን ሮቤ ትመጣለች። ስታገኛቸው «አካም ጅርቱ፣ ጋሼ?» ብላ በኦሮምኛ ደህንነታቸውን ትጠይቃቸዋለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ቂም የለም። እሳቸው መሬት መሬት እያዩ ይመልሱና ቶሎ ያልፋሉ። ሚስታቸው ወለተኢየሱስ ሽንኩርት አምጣ ብላ ልካቸው፣ ከገበያው ሸሽተው ባዶ ዘንቢል ይዘው የተመለሱበት ቀን ብዙ ነው።