መጀመሪያ የተናገረችው ዳኛ

ባለፈው ሐምሌ፣ ፍርድ ቤቱ ለክረምት ከመዘጋቱ በፊት፣ በሕይወት የሌሉ ዳኞችና ጠበቆች የሚታሰቡበት ፕሮግራም አለ ተብዬ ተጠራሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ያን ግቢ ብዙም አልረገጥኩትም። አዳራሹ ውስጥ ፎቶግራፎች ተደርድረው ነበር። ክርክር ባሸነፈ ቁጥር ተሸናፊውን ጠበቃ ምሳ ሳይጋብዝ የማያድረው ጠበቃው አዲሱ አለ። ከችሎት በፊት የመነጽሩን መስታወት አሥር ጊዜ የሚጠርገው ዳኛ ሲሳይ አለ። ከመሃል ደግሞ እንደ ወትሯቸው ኮስተር ያሉት ዳኛ ፈንታሁን ነበሩ።

ስለ እርሳቸው ተናገሪ አሉኝ። በወጣትነቴ ዘመን አብረዋቸው ከተሰየሙት ከኔ በቀር የቀረ ሰው የለማ። ተነሥቼ ጥሩ ጥሩውን ተናገርኩ፤ ተጨበጨበልኝ። ግን ታሪኩን ለሁለት ቆርጬ ግማሹን አስቀርቼው ነበር።

ዳኛ ፈንታሁን የድሮ ሰው ነበሩ። ሦስታችን፣ እሳቸው፣ ዳኛ ሲሳይና እኔ፣ ለምክር ወደ ጓዳ ስንገባ አስተያየት የሚጀመረው ሁልጊዜ ከታናሹ ነበር። ትልቁ አስቀድሞ ከተናገረ ትንሹ ያፍራል፣ ይከተላል፤ ስለዚህ ትልቁ አፉን ዘግቶ መጨረሻ ላይ ይናገራል። ታናሿ እኔ፣ ያኔ ወይዘሪት ዓለም የምባለው፣ ነበርኩ። በዚያ ችሎት ከተሰየሙት ሴቶችም የመጀመሪያዋ ነበርኩ፤ በየኮሪደሩ «ይቺ ደግሞ ነፋስ ወደነፈሰበት ነው የምትሄደው» ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ተከሳሹ አያ ጫኔ የሚባሉ፣ ከትክል ድንጋይ አካባቢ የመጡ ገበሬ ነበሩ። የጎረቤታቸውን የጤፍ ክምር አቃጥለዋል ተብለው ነው የቀረቡት። ዋናው ምስክር ሲመሽ፣ ከሸለቆ ማዶ ሆኖ፣ በአረማመዳቸው ለየኋቸው አለ። ዳኛ ፈንታሁን አያ ጫኔን አፋጠጧቸው። የት ነበርክ፣ እሳቱን እያየህ ስለምን ሮጠህ አላጠፋህም እያሉ ጠየቋቸው። ሰውየው «ደንግጨ ቆሜ ቀረሁ ጌታየ» ከማለት በቀር የተናገሩት አልነበረም። እኔም በልቤ፣ ሽማግሌው ዳኛ ጥፋተኛ ብለውታል፣ ብዬ ደመደምኩ። እኔ ባልተሰየምኩበት ቀጠሮ የተከሳሹ ጠበቃ አዲሱ ምስክሩን ሲያፋጥጠው የሰጠው መልስ በእጅ ተጽፎ ከመዝገቡ ጀርባ ተያይዞ ነበር። እሱን ገጽ ገልጬ አላነበብኩትም። ይህን ስጽፍ እንኳ ፊቴ ይግላል።

ጓዳ ገባን። ውጭ ቀኑ ብራ ነበር፤ በመስኮቱ የጥድ ሽታ ይገባል። ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ጥፋተኛ ነው አልኩ። ዳኛ ሲሳይም መነጽሩን እየጠረገ ከወይዘሪት ዓለም ጋር ነኝ አለ።

«እኔ እለያለሁ» አሉ ዳኛ ፈንታሁን። «ምስክሩ ለአዲሱ ሲመልስ ፊቱን አላየሁም ብሏል። በአረማመድ ሰው አላስርም።»

ክው አልኩ። እሳቸውን ተከትዬ የሄድኩ መስሎኝ ለካ ብቻዬን ነበርኩ። አንደበቴ አመለጠኝና «እርስዎ እንደዚያ ሲያፋጥጡት ጊዜ እኮ...» ብዬ ጀመርኩ። ሳልጨርሰው ገባቸው።

«ከታች የሚጀመረው እኔን እንዳትሰሚ ነበር» አሉኝ ቀስ ብለው። «አንቺ ግን ሳልናገር ሰማሽኝ፤ ያውም ያላልኩትን። ያፋጠጥኩት አፉን ከፍቶ ራሱን እንዲከላከል ነው። አሁን የምትለውጪው ነገር አለ?»

ያን ገጽ አምጡልኝ ማለት ነበረብኝ። ግን ብለውጥ፣ አየናት፣ ሽማግሌው ሲለይ ተገለበጠች እንደሚሉኝ ታሰበኝ። ዳኛ ሲሳይ ቀና ብሎ ያየኛል። «የለም» አልኩ። የአንድ ሰው ዕድሜ በኔ ኩራት ተቆረጠ።

በአብላጫ ድምፅ የተሰጠውን ፍርድ ያነበቡት ራሳቸው ዳኛ ፈንታሁን ናቸው፤ ሰባት ዓመት እስራት። ቀጥለው የልዩነት ሐሳብ አለ ብለው አነበቡ፤ የማን እንደሆነ በቃል አልተናገሩም። በጽሑፉ ላይ ግን ስማቸውና ፊርማቸው ነበረበት። የአያ ጫኔ ሚስት ነጠላዋን አፏ ላይ ጠቅጥቃ ወጣች። አዲሱ ይግባኝ አለ፤ የበላዩ ፍርድ ቤት የልዩነቱን ሐሳብ ተቀብሎ ሰውየውን ሲፈታ ሁለት ክረምት አልፎ ነበር። መሬቱ ጦም አድሯል፣ በሬዎቹ ተሸጠዋል።

ከተፈቱ ከዓመት በኋላ ለተዘዋዋሪ ችሎት ትክል ድንጋይ ሄድኩ። የገበያ ቀን ነበር፤ ጥር። አያ ጫኔ ከሕዝቡ መሃል ወጥተው እጅ ነሡኝ፤ የሽንብራ እሸት ዘርግተውልኝ አጠገቤ ቆሙ።

«እሜቴ፣ ከሦስታችሁ አንዱ ለይቶልኝ ነበር አሉ። እርስዎ ይሆኑ?»

«የሁላችንም ሥራ ነው፤ እንኳን እግዚአብሔር አስፈታዎት» አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። እሸቱን በላሁት፤ ይጣፍጥ ነበር።

እንግዲህ ከፕሮግራሙ ማግሥት እንቅልፍ ሲነሣኝ ሚኒባስ ተሳፍሬ ወደ ትክል ድንጋይ ሄድኩ። መንገዱ ጭጋግ ነው፤ ዝናቡ ካሁን አሁን ያባራል ብል እምቢ አለ። አያ ጫኔ በሕይወት አሉ፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ልጃቸው እጃቸውን ይዛ አወጣቻቸው። ቁጭ እንዳልኩ ሳልቀባባ ነገርኳቸው። የለዩት ዳኛ ፈንታሁን ናቸው፤ መጀመሪያ ያሰርኩዎት እኔ ነኝ፤ መመለስ ስችልም አልመለስኩም አልኩ።

እስክጨርስ ሰሙኝና «አውቃለሁ» አሉ።

ገና እስር ቤት ሳሉ ይቺው ልጃቸው፣ ያኔ ተማሪ፣ የፍርዱን ግልባጭ ይዛ መጥታ የለዩትን ዳኛ ስም አንብባላቸዋለች። ገበያው ላይ ሲጠይቁኝም ያውቁ ነበር።

«ታዲያ አያ ጫኔ፣ ያኔ ምነው ዝም አሉኝ?»

«እርስዎስ ምነው ዝም አሉ? ራስዎ ይነግሩኛል ብየ ነበር የጠየቅሁ።» ቀጥለውም ለዳኛ ፈንታሁን በየዓመቱ ቤተ ክርስቲያን ስማቸውን እንደሚያስጠሩ ነገሩኝ።

ይቅርታ ጠየቅኋቸው። እግዜር ይቅር ይበለን አሉ፤ «ይበለን» ማለታቸው ይበልጥ አሳፈረኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ከከፍታ ተቀምጬ ሰውን እውነቱን ተናገር ስል ኖሬያለሁ። ለኔ ጥያቄው የቀረበው አንድ ቀን ብቻ ነው። ጠያቂው ያሰርኩት ሰው ነበር፤ መልሱን እያወቀ ዕድል ሰጠኝ፣ እኔም ፊት ለፊቱ ዋሸሁት።