ብርቄና የቀበሌው በር

ልጅ እያለሁ የጌታን ምሳሌዎች የተማርሁት ዳንቴል እየሠራሁ ነው። ጸሎት ቤታችን በደርግ ታሽጎ ስለነበር፣ እትዬ ጫልቱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አምስት ሴቶች ልጆች ቤታቸው ይሰበስቡን ነበር። ከወለጋ መጥተው ባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሚሠሩ፣ ልጅ ያልወለዱ ሴት ናቸው። ጎረቤት እንዳይጠረጥር ኪሮሽና ክር ይዘን እንሄዳለን። በር ከተንኳኳ መጽሐፍ ቅዱሱ ትራስ ሥር ይገባና ስለ ዳንቴሉ አበባ እናወራለን። ቤቱ ሐይቁ ዳር ስለነበር በመስኮቱ የእርጥብ ደንገልና የዓሣ ሽታ ይገባል። ዛሬም የዘሪው ምሳሌ ሲነበብ የሚሸተኝ አፈር ሳይሆን ዓሣ ነው።

እትዬ ጫልቱ አንብበው ብቻ አይተዉም፤ «እስቲ በራስሽ አፍ ንገሪኝ» ይላሉ። ለእኔ አሥሩ ቆነጃጅት ደረሱኝ። ለጓደኛዬ ለብርቄ ደግሞ ፍረድልኝ እያለች ዳኛውን አሰልችታ ያስፈረደችው መበለት ደረሰቻት። ብርቄ የጎረቤታችን ልጅ ነበረች፤ አባቷ ሞቶ እሷንና እናቷን የሚያኖረው ታላቅ ወንድሟ ደምሴ ነው። በዚያው ሳምንት ደምሴ ከኳስ ሜዳ ሲመለስ ለብሔራዊ ውትድርና ታፈሰ። እናቱ ስንቅ ቋጥራ ቀበሌ ብትሮጥ ፊቱን እንኳ አላሳዩአትም። በሦስተኛው ቀን በጭነት መኪና ወሰዱት።

ቅዳሜ ብርቄ ምሳሌውን ስትተርክ መሐል ላይ ኪሮሿን አስቀመጠች።

«እትዬ፣ መበለቲቱ ስንት ቀን ሄደች?»

«አልተጻፈም፣ ልጄ።»

«እስኪሰለቸው ነው አይደል?»

«አዎ፣ እስኪሰለቸው።»

ሰኞ ከትምህርት ቤት ስንወጣ ቀበሌ እንደምትሄድ ነገረችኝ። በየቀኑ አብሬያት ልሄድ ቃል ገባሁላት። እጅ ለእጅ ተያይዘን በሩ ላይ ቆምን። ሊቀመንበሩ ሲወጣ «ጓድ ሊቀመንበር፣ ወንድሜን መልሱልኝ፤ እናቴ ሌላ ወንድ ልጅ የላትም» አለችው። እናት አገሩን ሊጠብቅ ነው የሄደው፣ ኩሪ ብሏት አለፈ። በማግሥቱም ሄድን። ያን ቀን ግን ወደ እኔ ዞሮ የማን ልጅ እንደሆንሁ ጠየቀኝ። የአባቴን ስም ነገርሁት። እራት ላይ ይህን ሳወራ አባቴ የጠቀለለውን ጉርሻ መልሶ አስቀመጠው። «ሁለተኛ እዚያ በር እንዳትደርሺ!» አለኝ።

በሦስተኛው ቀን ለብርቄ ሆዴን አመመኝ አልኋት። በአራተኛውም እንዲሁ። ከዚያ ወዲያ አልጠየቀችኝም። ደብተሯን ታቅፋ ብቻዋን ስትቆም እያየሁ በመንገዱ ማዶ አንገቴን ደፍቼ አልፋለሁ። አንድ ቀን ሊቀመንበሩ ይህን ያስተማረሽ ማነው ብሎ ቢጮህባት፣ የእትዬ ጫልቱን ስም ሳትጠራ «ኢየሱስ» አለችው። ጥበቃዎቹ ሳቁ፤ እሱ ግን አልሳቀም። ወሬው የደረሳቸው እትዬ ጫልቱ በቀጣዩ ቅዳሜ ደጃቸው ላይ ጠብቀው፣ ለጊዜው እንዳንመጣ ለመኑን። ብርቄ ተሳስታ እንደሆነ ጠየቀቻቸው። «አልተሳሳትሽም» አሏትና አቅፈዋት አለቀሱ።

ብርቄ ግን ሁለት ወር ያህል ቀበሌ ተመላለሰች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሊቀመንበሩ ራሱ ወጥቶ በስሟ ጠራት። ቢሮው አስገብቶ ወንበር ሰጣት፤ በለሰለሰ ድምፅ እናትሽን ጥሪልኝ አላት። ብርቄ የተፈረደላት መሰላት። «እማዬ፣ ሰለቸው! ሰለቸው!» እያለች በሰፈራችን መሐል ስትሮጥ ሰምቼ ወጣሁ። እናቷ ነጠላዋን እንኳ በቅጡ ሳትለብስ እየሳቀች ተከተለቻት። እኔም ደስ ብሎኝ እስከ መንገዱ ድረስ ተከተልኋቸው። ከቀበሌው ግቢ ጩኸት ስሰማ ነው የቆምሁት። ደምሴ ግንባር ላይ ሞቶ ኖሯል፤ የተጠሩት መርዶውን ሊሰሙ ነው።

ከለቅሶው በኋላ እናቷ ብርቄን ይዛ ሐሙሲት ከተማ ዘመዶቿ ዘንድ ገባች። ልሰናበታት ሄጄ ነበር፤ ስለዚያ ስለ ሆድ ሕመሜ ግን አንድም ቃል አልወጣኝም። ከዚያ ወዲህ አላየኋትም።

ዛሬ ጸሎት ቤቱ ተከፍቷል፤ የልጆቹ መዝሙር በድምፅ ማጉያ ሐይቁ ዳር ድረስ ይሰማል፤ መጽሐፍ የሚደብቅም የለም። እሑድ እሑድ የማስተምራቸው እኔ ነኝ። ባለፈው የመበለቲቱ ተራ ደረሰና አንዲት ትንሽ ልጅ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ ብቻዋን ነበር የምትሄደው? ጓደኛ አልነበራትም?»

«ነበራት» አልኋት።