የታናሹ ድምፅ

በቀቀን የምንለው ሰው ሥራው ፊልም ማናገር ነበር። ቪዲዮ ቤቱ የድሮ መጋዘን ነው፤ አግዳሚዎቹ መደገፊያ የላቸውም፣ ጣሪያው በሚስማር ቀዳዳ ተበሳስቶ ቀን ቀን ብርሃን ያንጠባጥባል። እሱ ከስክሪኑ ግርጌ ተቀምጦ የፊልሙን ድምፅ ዝቅ ያደርግና ማይኩን ይይዛል። ከዚያ በኋላ የባዕድ አገር ሰው ሁሉ በእኛ ቋንቋ ይሳደባል፣ ያፈቅራል፣ ይሞታል።

ድምፅ ከራሱ አይፈጥርም፣ ከሰው ይበደራል። ክፉ ሀብታም ከመጣ የቤት አከራዩን ድምፅ ይሰጠዋል። ዳኛ ከመጣ የልብስ ሰፊውን፤ ልብስ ሰፊው “ነገ ይደርሳል” ሲል እንኳ ፍርድ የሚሰጥ ይመስላልና። ሰዉ ራሱን ሊሰማ ይመጣ ነበር።

“ዛሬ እኔ ማን ነኝ?” ይለዋል አንዱ በር ላይ።

“አንተማ ፈረሱ ነህ።”

ከሁሉ የተወደደው ግን ስለ ሁለት አጭበርባሪዎች የሚያወራው የድሮ ፊልም ነው። ባዶ ሕንፃ የፈረስ ውርርድ ቤት አስመስለው፣ አስተናጋጁንም ተወራራጁንም የራሳቸውን ሰዎች አድርገው አንድ ጨካኝ ሀብታም ያታልላሉ። መጨረሻ ላይ ወጣቱ አጭበርባሪ በጥይት ተመትቶ ይወድቃል፣ ሀብታሙ ደንግጦ ይሸሻል። በሩ ሲዘጋ የሞተው ሰውዬ ይነሳና አቧራውን ያራግፋል። በቀቀን ለዚህ ወጣት የታናሽ ወንድሙን ድምፅ ነበር የሰጠው፦ ከመናገሩ በፊት ትንሽ የሚስቅ፣ ሳቁን ዋጥ አድርጎ የሚጀምር ድምፅ።

ታናሹ የከባድ መኪና ረዳት ነበር። በክረምት አንድ ቀን ሾፌሩ እጁን በፋሻ አንጠልጥሎ ቪዲዮ ቤቱ በር ላይ ብቻውን ቆመ። መኪናው ገደል ገብቷል። “እዚያው ቀበርነው” አለ።

እናታቸው በዚያው ሰሞን የልብ ቀዶ ሕክምና አድርገው ተኝተዋል። ሐኪሙ ድንጋጤ እንዳይነካቸው አስጠንቅቋል።

“እስኪያገግሙ ዝም እንበል” አለች የበቀቀን እህት።

“ልጄ ለምን አይደውልም ቢሉስ?” አለ በቀቀን።

ያሰቡት አንድ ነገር ነበር፣ ቀድሞ መናገሩን ግን ሁለቱም ፈሩ።

እሑድ ከሰዓት በቀቀን ከቪዲዮ ቤቱ ጓዳ፣ በቤቱ ባለቤት ስልክ ለእናቱ ደወለ። እሱ እናቱን “እርስዎ” ነው የሚለው፤ ታናሹ ግን ቅምጥል ስለነበር እንደ እኩያው ያናግራቸዋል።

“አንቺ ሴትዮ፣ አሁንም ተኝተሻል?” አለ፣ ሳቁን ዋጥ አድርጎ።

“አንተ ባለጌ! የት ጠፍተህ ነው?” አሉ እናት። ሐኪሙ በማግስቱ የልባቸው ምት አማረ አለ። ስለዚህ በሚቀጥለው እሑድም ደወለ፣ በሚቀጥለውም።

ያኔ የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት አዲስ ዘዴ አመጣ። የአጭበርባሪዎቹ ፊልም በዘመኑ ትልቁን ሽልማት ወስዷልና አብረውት የተወዳደሩትን ፊልሞች አከታትሎ ማሳየት ጀመረ። ከተሸነፉት አንዱ መንፈስ ስለያዛት ልጅ ነው፤ ከአፏ የሽማግሌ ድምፅ ይወጣል። ሰዉ እየተንቀጠቀጠ አይቶ ሲወጣ ተቆጣ።

“ይሄን የመሰለ ፊልም ተሸንፎ ያ ቀልድ ተሸለመ?”

“ዳኞቹንም አታለዋቸው ይሆናላ” አለ ባለቤቱ። ሁሉም ሳቀ፣ ከበቀቀን በቀር።

በዚያው ሳምንት እሑድ በስልክ ስለ አየሩ ሲያወራ ቆይቶ፣ አፉ ያላሰበውን ተናገረ። “የአባባን ሰዓት ከሎሚው ሥር የቀበርን ጊዜ ትዝ ይልሻል? እንዴት ትንቀጠቀጪ እንደነበር!”

እናት ሳቁ። “ቀስ በል፣ ወንድምህ እንዳይሰማ። አንተ እንደሰበርከው አያውቅም፣ እስከ ዛሬ ሌባ ወሰደው ነው የሚለው።”

እውነት ነው። በቀቀን እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሰዓቱን ሌባ እንደወሰደው ነበር የሚያምነው። ከገዛ አፉ የወጣውን እሱም ገና መስማቱ ነበር።

ስልክ መደወሉን ተወ። ወጣቱን አጭበርባሪ በአከራዩ ድምፅ ሊያናግረው ሞከረ፣ ማይኩን ሲይዝ ግን ያው ሳቅ ቀድሞት ወጣ። በመንፈስ የተያዘችውን ልጅ ሲያይ ሰዉ ሁሉ ይጮኽ ነበር። እሱን ግን አጨበጨቡለት።

“እንንገራቸው” አለ ለእህቱ። “አሁን ድነዋል። እናት ልጇ ሞቶ ሳታለቅስ መኖር የለባትም።”

አብረው ሄዱ። እናት ሰፌድ ታቅፈው ምስር ይለቅማሉ። ሁሉንም ነገራቸው፦ ገደሉን፣ መቃብሩን፣ ስልኩን። ጣታቸው አላቆመም።

“ጨረስክ?”

“እማዬ፣ ሞቷል እኮ ነው የምልዎት። ስልክ ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ።”

“እስቲ እንደሱ አውራኛ።”

በቀቀን አፉን ከፈተ። የወጣው የራሱ ሻካራ ድምፅ ነበር። ደግሞ ሞከረ። የአከራዩ መጣ፣ የልብስ ሰፊው መጣ፣ የታናሹ ግን እምቢ አለ።

እናት በሐዘኔታ አዩት። “ትናንት ደውሎ ነግሮኛል። ‘ወንድሜ ይመጣና ሞቷል ይልሻል፣ አትቆጪው፣ ደክሞት ነው’ አለኝ።”

እህቱ ወደ እሱ ዞረች። “ደውለህ ነበር?”

“አልደወልኩም።”

እህቱ ማልቀስ ስትጀምር እናት ሰፌዱን አስቀመጡ። “ተይ አንቺ። በቁሙ ላለ ሰው አይለቀስም። ሟርት ነው።”

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። በዚያ ቤት ግን እያደር ጠቆረ። አሁን እናት ሱቅ ሲወጡ “ልጄ ደወለ” ይሉናል፣ እኛም “እሰይ፣ ሰላም በሉልን” እንላለን። አከራዩም ይላል፣ ልብስ ሰፊውም ይላል፣ ፊታችን ላይ ምንም አይነበብም።

በቀቀን ማይኩን ትቶ ከእናቱ ጋር ይኖራል። እሑድ ከሰዓት እናት መኝታ ቤት ገብተው በሩን ይዘጋሉ። እሱ ግቢ ውስጥ አፉን በመዳፉ አፍኖ ይቆማል፣ ድምፁ ከእሱ እንዳልሆነ ለማረጋገጥ። ከውስጥ የእናቱ ሳቅ ይሰማል፣ ዝም ይላሉ፣ ያዳምጣሉ፣ እንደገና ይስቃሉ። በሩ ቁልፍ የለውም፤ ቢገፋው ይከፈታል። እስካሁን አልገፋውም።