በር ላይ የተፈተሸው ታጣፊ ስልክ

ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ጆሮ ነው የሚላቸው። ስሙ የወጣላቸው ታጣፊ ስልክ በየሰው እጅ በነበረበት ዘመን ነው። አሮጌ ስልክ ሊሸጥ የመጣ ሰው ሲያቀብላቸው፣ ከማየታቸው በፊት ጆሯቸው ሥር አስጠግተው ከፈት ዘጋ ያደርጉታል። ማጠፊያው ደህና ከሆነ ጠቅ ይላል። ከጠቅታው በፊት ስስ የሆነ ድምፅ ከሾለከ ግን ስልኩ ወድቆ ያውቃል።

«ይሄ ደረጃ ላይ ተንከባሏል» ይላሉ።

«ማን ነገረዎት?» ይላል ሰውየው ደንግጦ።

«እሱ ራሱ!»

ሱቁ በሳቅ ይሞላል።

ከጆሮ ቀጥሎ አውራ ጣት ነው። ቁልፎቹን እየተጫኑ የሰነፈውን ይለያሉ። ዓይን መጨረሻ ይመጣል።

ቀለም ከዓይናቸው የወጣው ቀስ እያለ ነው። መጀመሪያ ሰማያዊና አረንጓዴ ተቀላቀሉባቸው፤ ኋላ ቀዩ ቡናማ መሰለ፤ ከዚያ ሁሉም፣ የበራውም የጠፋውም፣ ብዙ ጊዜ የታጠበ ጨርቅ ሆነ። ሐኪሙ የሄደው እንደማይመለስ፣ የቀረውም እንደማይቆይ ሳይሸሽግ ነግሯቸዋል። ይህን ከባለቤታቸው በቀር የሚያውቅ የለም። ሱቁ የእህታቸው ልጅ ንብረት ነው። ሥራውን ያስተማሩት እሳቸው ቢሆኑም ባለሱቁ እሱ ነው፤ እሳቸው መብራት ሥር ያለች አንዲት ወንበር አለቻቸው። ከዚያች ወንበር ከተነሡ የሰው እጅ ከማየት ሌላ የሚጠብቃቸው ነገር አልነበረም።

ባለቤታቸው ከሱቁ በር አጠገብ በስፌት መኪና የሰው ልብስ ትጠግናለች። ከኋላዋ የክር መደርደሪያዋ አለ። የሁለቱ ዘዴም እዚያች በር ላይ ነበር። ጋሽ ጆሮ ስልኩን ከፍተው «እስቲ በፀሐይ ልየው» ይሉና ይወጣሉ፤ እሷ ከሥራዋ ቀና ብላ ታይና፣ «ቀዩ ፈዟል» ወይም «ጥጉ ላይ አረንጓዴ መስመር አለ» ትላቸዋለች፤ እሳቸው ተመልሰው ያንኑ በራሳቸው አፍ ይናገራሉ። ከልጅነቷ ከክር ጋር የኖረች ሴት ናት፤ በቀለም የሚያታልላት አልነበረም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ለሱቁ ስልክ የሚያመጣው ደላላ እየተሽቀረቀረ መጣ። ባንኮኒው ላይ ያስቀመጠው ስልክ ስስ፣ ጠርዙ ወርቃማ፣ ባለ ቀለም ስክሪን ታጣፊ ነበር።

«ፋሽኑ ተመልሷል!» አለ። «ኮረዶቹ እንደ ጌጥ ነው የሚይዙት። ሙሉ ካርቶን አለኝ፤ ይሄ ናሙናው ነው።»

የእህታቸው ልጅ ሳይከፍተው አገላብጦ አየውና ወደ አጎቱ ገፋው። «ጋሼ፣ እርስዎ ይፍረዱ። ደህና ነው ካሉኝ ካርቶኑን እወስዳለሁ።»

ጋሽ ጆሮ ወገባቸውን አቀኑ። ስልኩን ጆሯቸው ሥር ከፈቱት፤ ዘጉት። ጠቅ። እንዲህ ያለ ጥርት ያለ ድምፅ ከሰሙ ቆይተዋል።

«ይሄ እንኳ እንዳንተ አይደለም» አሉት ደላላውን፤ «አፉን ሲዘጋ ይታመናል።»

«ኧረ ምላስዎት አላረጀም ጋሼ!»

አውራ ጣታቸው በቁልፎቹ ላይ ተራመደ፤ ማብሪያውንም እንደሌሎቹ ተጭኖ አለፈው። «ቁልፎቹም ደህና ናቸው። እስቲ ቀለሙን በፀሐይ ልየው።»

በሩ ላይ ባለቤታቸው የተበላሸ ዚፕ ይዛለች፤ ባለልብሱ «ኧረ ቶሎ በይልኝ እናቴ» እያለ ያጣድፋታል። ጋሽ ጆሮ ስልኩን ከፍተው አዞሩላት። ቀና አለች፤ ዓይኗን ጠበብ አድርጋ አየችው።

«ቀዩ ደማቅ ነው» አለች በሹክሹክታ። «አረንጓዴውም፣ ሰማያዊውም። ቢጫውማ እንዴት ያምራል!»

ጋሽ ጆሮ ደረታቸውን ነፍተው ተመለሱ። «ግዛ» አሉ። «ቀዩ እሳት ነው። እንዲህ ያለ ቢጫ በስልክ ላይ አይቼ አላውቅም።»

የእህታቸው ልጅ ስልኩን ተቀብሎ አየ። ማብሪያውን ተጫነ። ደግሞ ተጫነ።

«ጋሼ» አለ ቀስ ብሎ፤ «ስልኩ ጠፍቷል እኮ።»

«አሁን ነዋ የጠፋው! ሲበራ ነበር።»

ደላላው ከኪሱ የቻርጀር ገመድ መዘዘ። «ከመጣሁ ጀምሮ አልበራም ጋሼ። ሲጠይቁኝ ልሰጥዎት ይዤ ስጠብቅ…» ሳቁ አመለጠው። «በጠፋ ስልክ ቢጫ ያዩ የመጀመሪያው ሰው እርስዎ ነዎት!»

«አንተ ዝም በል!» አለ ልጁ።

ጋሽ ጆሮ ክው ብለው ቀሩ። መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለ የእህታቸው ልጅ። «ማን ነበር የሚያይልዎት?»

ጋሽ ጆሮ ማጉያ መነጽራቸውን አንሥተው መጥረግ ያዙ። ስለ ባለቤታቸው ቢገርፏቸውም አይናገሩም።

«በቃ፣ ከነገ ጀምሮ ቤት አረፍ ይበሉ ጋሼ። እኔ ብቅ እያልኩ አይዎታለሁ።» ድምፁ ለስላሳ ነበር። ቢጮኽባቸው ይሻላቸው ነበር። ማጉያ መነጽራቸውን በመጥረጊያው ጨርቅ ጠቅልለው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡና ወጡ።

ውጪ ባለቤታቸው ሁሉን ሰምታለች። «ምን አይተሽ ነው?» አሏት።

ወደ ኋላዋ ዞረች። መደርደሪያው ላይ ቀዩ፣ አረንጓዴው፣ ሰማያዊው፣ ቢጫው እንደ ተደረደረ ነው።

«ክሮቼን» አለች። «የስልኩ መስተዋት ላይ የራሴን ክሮች ነው ያየሁት።»

«አንቺ? ክርና ስክሪን ጠፋብሽ?»

«ከእንግዲህ በዚህ በር አልቀመጥም» ብላ የስፌት መኪናዋንም ወደ ቤት አስመጣች። በማግስቱ ጠዋት መስኮቱ ሥር ተቀመጠች፤ እሳቸው አልጋው ጫፍ ላይ። የሱቅ ግርግር ስለሌለ ሥራዋን ከጅምሩ ሲሰሙት የመጀመሪያቸው ነበር። የክሩን ጫፍ በምራቋ አረጠበች። ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ወደ መርፌው ላከችው። ምንም የለም። እንደገና አረጠበች።

በር ላይ ሳለች ሁልጊዜ አላፊ አግዳሚውን «ልጄ፣ ይህችን ክር አስገባልኝ» ትል ነበር። ጨዋታ ስለምትወድ ይመስላቸው ነበር። እዚህ በመስኮቱ የሚያልፍ ሰው የለም።

ትናንት የእህታቸው ልጅ የጠየቃቸው «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አፋቸው ላይ መጣ። መልሰው ዋጡት። ተነሥተው አጠገቧ ጎንበስ አሉ።

«አምጪው» አሉ።

ክሩን ሰጠቻቸው። አርጥበው ወደ መርፌው ላኩት፤ በጎን አለፈ። ደግመው ላኩት። እሷ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች። መኪናው ያን ቀን ሳይንኳኳ ዋለ።